ለዘይቱ የመጡ ሽማግሎች

ሶልያና ቅዳሜን የምትወደው፣ ሰው የሚያናግራት በዚያ ቀን ስለሆነ ነበር።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትሠራው ከቤት ነው። ለአንድ ክሊኒክ የታካሚዎችን የኢንሹራንስ ጉዳይ በኮምፒዩተር ታስተካክላለች። ሥራው ድምፅ የለውም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ሲጠራ «ሄሎ» ልትል አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ሻክሮ ይወጣል፤ ከነቃች ጀምሮ አንድ ቃል እንዳልተናገረች የሚገባት ያን ጊዜ ነው። ደዋዩም ብዙውን ጊዜ የመኪና ዋስትና ሊሸጥላት የሚሞክር ሰው ነው። እሷም ቶሎ አትዘጋበትም። ሀያ ሰባት ዓመት የሞላት፣ መልኳ ደስ የሚል፣ ሥራ ያላት ልጅ ዋስትና ሻጭ ስታዋራ መዋሏ ለሰው የሚነገር አይደለም። ደግሞስ ለማን ትነግራለች?

አባቷ አቶ በዛብህ ሐበሻ ከሚበዛበት ከሬኒየር ቫሊ ሰፈር ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ላይ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። የኡበሩም፣ የታክሲውም፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሚኒባስ የሚሠራው እሳቸው ዘንድ ነው። ማታ ሲገቡ እጃቸውን ደጋግመው ይታጠባሉ፣ «በላሽ?» ይላሉ፣ «በላሁ» ትላለች፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። እናቷ ወይዘሮ ሥራዬ ወደ ላስ ቬጋስ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ እንዲህ ነው። አባትና እናቷ ተጣልተው አልተለያዩም። ቢጣሉ ኖሮ እንኳ ቤቱ የሚያስታውሰው ጩኸት ይኖረው ነበር።

እናቷ ሻንጣቸውን የዘጉ ዕለት ሶልያናን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠው አንድ ነገር ነገሯት።

«አባትሽ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሽማግሎች መጡ፣ ቤተሰብ ተሰበሰበ፣ ሁሉም ደስ አለው፤ እኔ በዚያ መሀል እምቢ ማለት አፈርኩ። እሱም አጎቱን እምቢ ማለት አፍሮ ነው ሽማግሌ የላከው። ሁለት የተፋፈርን ሰዎች ይኸው ዕድሜያችንን አብረን ጨረስን።»

ሶልያና ያን ዕለት ለራሷ ቃል ገባች። ብቻዬን ባረጅም ባረጅ፣ በይሉኝታ የመጣ ሰው አላገባም አለች።

ቅዳሜን ያመጣላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነበበ ማስታወቂያ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ልጆች ተቀላቅለው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጅረት ይጠብቃሉ። ጅረቷ ወደ ዱዋሚሽ ወንዝ ትገባለች፣ ወንዙ ደግሞ ወደ ባሕሩ። ሳልመን ዓሣ ከባሕሩ ተነሥቶ፣ በመርከቦቹና በመጋዘኖቹ መሀል አልፎ፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደዚህች ጅረት ይመጣል። ዝናብ ሲጥል ግን ከአስፋልቱ የጎማ ብናኝና የመኪና ዘይት ታጥቦ ይወርድና ብዙዎቹን ሳይወልዱ ይገድላቸዋል። ወጣቶቹ ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ይተክላሉ፣ የሞቱትን ዓሦች ሆድ ከፍተው እንቁላላቸውን ጥለው እንደሆነ ያያሉ፤ ያዩትንም ለከተማው ያሳውቃሉ።

ሶልያና የመጀመሪያውን ቀን የሄደችው ለዓሣ አዝና አይደለም። ሰው ይኖራል ብላ ነው።

ያጣመሯት እሴይ ከሚባል ልጅ ጋር ነበር። ረጅም ነው፤ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ይላል። ሶዶ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ይነዳል፤ የሚኖረው ጎረቤት ከተማ ታኮማ ክፍል ተከራይቶ ነው። ጅረቱ ዳር ድንጋይ ላይ አንዲት ትልቅ ዓሣ በጎኗ ወድቃለች። እሴይ ቢላዋውን አወጣና ከመክፈቱ በፊት ጎንበስ ብሎ፣

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት።

ሶልያና ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ዓሣ አንቱ ይባላል እንዴ?»

«ከውቅያኖስ ድረስ ዋኝተው መጥተው ‹አንቺ› ብዬ ልጥራቸው?» አለ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ሆዷ ሲከፈት እንቁላሉ አንድም ሳይቀር ውስጥ ነበር። ሶልያና ሳቋን የት እንደምታደርገው ጠፋባት።

«ደርሰው ነበር እኮ» አለ እሴይ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ሲሆን ነው የሚከፋኝ።»

ከዚያም ሌላ ቡድን ደግሞ እንዳይቆጥራት ለምልክት ጅራቷን ቆረጠ፤ ወደ ቀጣዩ ድንጋይ ሄዱ። ሶልያና ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ቦቲዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ለሚመጣው ቅዳሜ ምን እንደምትለብስ እያሰበች ነበር። ለጭቃ።

ከዚያ በኋላ እሴይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራው ሲያልቅ በመኪናው ያደርሳት ጀመር። ከቤቷ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ፓርክ ያደርጋል። ሞተሩን ያጠፋል። ዝናቡ መስተዋቱ ላይ ሲወርድ እያዩ ይቀመጣሉ። የሚያወሩት ብዙ አልነበረም፤ ስለ አለቃው፣ ስለ ታኮማ መንገድ መዘጋጋት፣ እሱን ሐዋሳ ስላሳደገው አጎቱ። አንዳንዴ ዝም ይላሉ፤ የዚያ መኪና ዝምታ ግን ከቤቷ ዝምታ ጋር አይመሳሰልም። አንድ ጊዜ ጓንቷን ልታወልቅ ስትታገል ጣቶቿን ይዞ ጎተተላት፤ ጓንቱ ከወጣ በኋላም እጇን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ። ሁለቱም ወደ ውጭ ነበር የሚያዩት።

«ሶ፣ ቅዳሜ?» ይላታል ስትወርድ፣ እንግሊዝኛ ቀላቅሎ።

«ቅዳሜ።»

ከዚህ ያለፈ አንድ ቃል አልተናገራትም። እሷም አልተናገረችውም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያቺን «ቅዳሜ» የምትለዋን ድምፅ እያስታወሰች ትሠራለች።

በኅዳር አንዱን ቅዳሜ ሶልያና ጉንፋን ይዟት ቀረች። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበርና ልጆቹ ጅረቷ ጋ ሲደርሱ ውኃው ላይ ዘይት ተንሳፎ፣ ቀስተ ደመና መስሎ ይወርዳል። ኢክራ የምትባል ቁጡ የኮሌጅ ተማሪ ከፊት ሆና ዘይቱን ከአንዱ የጎርፍ መውረጃ ወደ ሌላው ሽቅብ ተከተሉት። መንገዱ አቶ በዛብህ ጋራዥ በር ላይ አደረሳቸው። አንድ ሠራተኛ ወለሉን በሳሙና ያጥባል፤ ጥቁሩ ውኃ በበሩ ስር ወጥቶ መንገድ ዳር ወዳለው መውረጃ ይገባል።

«ፎቶ አንስቻለሁ» አለች ኢክራ። «ለሲቲው ሪፖርት እናድርግ።»

«የሶልያና አባት ናቸው» አለ እሴይ።

«ሶ?»

«ሶ፣ አያውቁም ይሆናላ። ወደ ማጣሪያ የሚሄድ መስሏቸው ይሆናል። በቀጥታ ጅረት እንደሚገባ ስንቱ ሰው ያውቃል? መጀመሪያ ይነገራቸው።»

«ኦኬ፣ በሩ ክፍት ነው። ግባና ንገራቸው።»

እሴይ ግን መግባት አቃተው። የአባቱ እኩያ የሆነ ሰው ፊት ቆሞ «አጥፍተዋል» ማለት ካደገበት ቤት ያላየው ነገር ነው። ደግሞ የእሷ አባት! እሱ የሚያውቀው ለትልቅ ሰው ከባድ ነገር በትልቅ ሰው እንደሚነገር ነው፤ ሰው ሲጣላም፣ ድንበር ሲገፋም ሽማግሌ ይላካል። አባቷ በክብር ተጠይቀው በክብር እሺ ካሉ፣ ሶልያና ሳታፍር፣ ሳትሰማም ነገሩ ያልቃል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ለእሷ ምንም አልነገራትም። ኢክራም እያጉረመረመች ጥቂት ቀን ሰጠችው።

አሳቡ ንጹሕ ነበር። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ወዳለችበት ቤት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሦስት ሽማግሎች ሲሄዱ ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ ግን ለአፍታ ትዝ አላለውም። የዋህነት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።

እሴይ የለመናቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ አሰፋ ለአቶ በዛብህ ደወሉ። በስልክ ማሳፈር አልፈለጉምና ነገሩን ሸፈን አደረጉት።

«እሁድ ከሰዓት ቤትህ እንመጣለን። የመስጊዱ ሐጂ ሑሴንም አሉ፣ የምታውቀው ዘካሪያስም አለ። እሴይ የሚባል ልጅ ነው የላከን። በስልክ የሚሆን ጉዳይ አይደለም።»

አቶ በዛብህ ያን ማታ ቤት ሲገቡ ቴሌቪዥኑን አልከፈቱም። ሶልያና ከኮምፒዩተሩ ቀና አለች።

«እሴይ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ?»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አዎ። ቅዳሜ አብረን ነው የምንሠራው። ምነው አባዬ?»

«ሽማግሌ ልኳል።»

አቶ በዛብህ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ቀርበዋት አያውቁም።

«እኔ ይህን ነገር አንድ ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። እናትሽን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ስለዚህ አንቺን ልጠይቅሽ። ትወጂዋለሽ?»

ሶልያና ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ ያላለችውን ነገር አፏ ላይ አገኘችው።

«እወደዋለሁ» አለች። «በጣም ነው የምወደው አባዬ።»

አቶ በዛብህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያም ስለ ልጁ ጠየቋት፣ እሷም ነገረቻቸው፤ ዓሣን አንቱ እንደሚል ስትነግራቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ያ ሳምንት ቤቱ ድምፅ ነበረው። ሶልያና ለእሴይ ቴክስት አላደረገችለትም፤ ሽማግሌ የላከ ልጅ እስኪመለስለት ዝም እንደሚል፣ ልጅቷም ዝም እንደምትል ታውቃለች። አፋር ልጅ ነው፣ በአፉ ያልቻለውን በሽማግሌ አደረገው አለች። ከሁሉ በላይ ደስ ያላት ግን ማንም ሳያስገድደው በራሱ መላኩ ነበር።

እሁድ ደረሰ። አቶ በዛብህ ዜግነት ሲወስዱ የለበሱትን ሱፍ ለበሱ። ሐጂ ሑሴን ስላሉ ሥጋውን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር ያስመጡት፤ ጠረጴዛው ሞልቷል። ሶልያና ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆመች። ልቧ እንዳይሰማ የፈራች ይመስል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

ሦስቱ ሽማግሎች ገብተው በሩ አጠገብ በተርታ ቆሙ። ጋሽ አሰፋ የሬኒየር ቫሊን ግማሽ ልጆች ያጋቡ ሰው ናቸው፤ በሽማግልና ሰው ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ዛሬም ከልማድ ብዛት፣

«አንቀመጥም። የመጣንበት ጉዳይ አለና ቆመን እንናገር» አሉ።

አቶ በዛብህ አላስጨረሷቸውም።

«ጋሽ አሰፋ፣ ደንቡን አውቃለሁ። ቀጠሮ ስጡን ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ልጄን ጠይቄአታለሁ፤ ትወደዋለች። አንድ ልጄ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው። የወደደችውን ሰው አላስጠብቃትም። ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ።»

አቶ ዘካሪያስ ጫማቸውን አዩ። ጋሽ አሰፋ የተዘጋጀውን ጠረጴዛ አዩ፤ የጓደኛቸውን ሱፍ አዩ፤ እንባ ያቀረረ ዓይናቸውን አዩ። ዘይት የሚለው ቃል ከአፋቸው ሊወጣ እምቢ አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉና ተቀመጡ።

ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። እንጀራው ተቆረሰ። ጥቂት እንደበሉ ሐጂ ሑሴን መቻል አቃታቸው።

«አሰፋ፣ የዘይቱስ ነገር?»

«ምን ዘይት?» አሉ አቶ በዛብህ።

ጋሽ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱም አለ። ማለት... ልጁ ሁለቱንም... ከጋራዥህ የሚወጣው ውኃ ዓሦቹን እየገደለ ነው ይላሉ ልጆቹ። ለእሱ ነበር መጀመሪያ፣ ግን አሁን ይኸው ደስታውም...»

ሶልያና ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። በጓሮ በር ወጣች።

የእሴይ መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆማለች፤ ሽማግሎቹን ያደረሰው እሱ ነበር። ካፊያው ፀጉሯ ላይ እየወረደ ተሻገረች። እሱ መስተዋቱን አወረደ።

«ሶልያና! ምነው? አባትሽ ተቆጡ እንዴ?»

«ደስ ብሎት እያበላቸው ነው።»

«ተመስገን! ሶ፣ እሺ አሉ?»

«እሺ ብሏል። ልጄን ሰጥቻለሁ ብሏል።»

እሴይ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ነጭ ቀሚሷን አየ። ጉትቻዋን አየ። ነገሩ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ሲወጣ እሷ ቆማ ትመለከተው ነበር።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ሽማግሎቹን የላክኸው ለእኔ ነው ወይስ ለዘይቱ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው። የሷ ዓይን ደግሞ ያቺን ቃል ይለምናል። እሴይ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ለዘይቱ» አለ።

ሶልያና ራሷን ነቀነቀች። «ስላልዋሸኸኝ አመሰግናለሁ።»

«ሶልያና፣ ቆይ እስቲ...» በሩን ሲከፍት እሷ መንገዱን ተሻግራ ነበር።

ቤት ስትገባ ሽማግሎቹ መብላት አቁመዋል። አባቷ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱፉ በአንድ ጊዜ የሰፋቸው ይመስላሉ።

«አባቶቼ» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ እሷም ገረማት። «በዘይቱ ጉዳይ አባዬ ይመልስላችኋል። በእኔ ጉዳይ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ አይመለስም።»

«ልጄ፣ እሱም እኮ እሺ ይላል!» አሉ ጋሽ አሰፋ። «እኛ እንነግረዋለን።»

«የፈራሁት እሺ ማለቱን ነው።»

ሐጂ ሑሴን በእጃቸው የቀረውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። «ልጅቷ ልክ ናት» አሉ።

ሲወጡ አቶ በዛብህ እስከ ደጅ ሸኟቸው። ተመልሰው ገቡና ሳህኖቹን ብቻቸውን አነሡ። አባትና ልጅ ያን ማታ አልተነጋገሩም፤ እያንዳንዳቸው ስለ ሌላው አፍረው ነበር።

ጋራዡ በዚያው ሳምንት ወለሉን ማጠብ አቆመ። አቶ በዛብህ ያ መውረጃ ጅረት እንደሚገባ በእርግጥ አያውቁም ነበር፤ ሲነገራቸው መውረጃው ዳር ተቀምጠው ወደ ውስጡ ለረጅም ጊዜ አዩ ይባላል። ልጆቹ ይምጡ አሉ። የዚያን አገር ክረምት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መጡ። የጋራዡን ውኃ ወደ ማጠራቀሚያ ገንዳ የሚወስድ ቦይ ሠሩ፤ ከበሩ ፊት ያለውን አስፋልት ሰብረው አፈር ሞሉበት፣ የዝናቡን ውኃ አጣርቶ የሚያሳልፍ ተክልም ተከሉ። ኢክራ አቶ በዛብህን «አባባ» ማለት ጀመረች። እሳቸውም ደንበኞቻቸውን ሁሉ ዘይት የትም እንዳይደፉ መቆጣት ጀመሩ፤ የሰፈሩ ሾፌሮች ፓስተር ሆነው ቀሩ ብለው ያሙዋቸዋል።

እሴይም አልቀረም። የቀረችው ሶልያና ናት።

አንድ ቴክስት ልኮላት ነበር፤ «ይቅርታ» ብቻ የሚል። ለይቅርታ ምን ተብሎ ይመለሳል? ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ቅዳሜም እንደ ሰኞ ሆነባት። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ዝናቡ ይወርዳል፤ የጎረቤቱ ውሻ ይጮኻል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ይሄዳል። ዋስትና የሚሸጠው ሰው ሲደውል «አሁን አልፈልግም» ብላ ትዘጋበታለች፣ ወዲያው ደግሞ ለምን ዘጋሁት ትላለች። ናፍቆት እንዲህ ጆሮ ያለው ነገር እንደሆነ አታውቅም ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ሞተሩ ከቤታቸው አለፍ ብሎ ይጠፋ እንደሆን ታዳምጣለች። አንድም ቀን አልጠፋም።

የቼሪ ዛፎቹ ማበብ በጀመሩ ሰሞን አንድ ምሽት አቶ በዛብህ እጃቸውን እየታጠቡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ጀመሩ።

«ያ ልጅ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ይቀራል። ሻይ እንጠጣለን። ስለ ሁሉም ነገር ያወራኛል፤ ስለ ታኮማ፣ ስለ አጎቱ፣ ስለ ዓሣ። ስለ አንቺ ግን አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ይገርማል አባዬ?»

«ይገርማል እንጂ። ግድ የሌለው ሰው ‹ሶልያና እንዴት ናት፣ ሰላም በሉልኝ› ይላል። አፉን አያቃጥለውማ። እሱ ‹ቤትዎ እንዴት ነው› እንኳ አይለኝም። ባለፈው ሳላስበው ስምሽን ብጠራ ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋው።»

ሶልያና ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ቶሎ መለሰችው።

«አዝኖልኝ ይሆናል። አፍሮም ይሆናል።»

«ይሆናል። እኔ አልገባበትም፤ አንድ ጊዜ ገብቼ አይተሽዋል።» ፎጣውን አንሥተው ዞሩ። «እኔ የማላውቃትን ሴት ብዙ ዓመት አብሬያት ኖርኩ፤ ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ሳልጠይቃት ሄደች። ያልተጠየቀ ነገር አይመለስም ብለሻል። ልክ ነሽ። አንቺስ ጠይቀሽዋል?»

ጥያቄው አንጀቷ ገባ። ያን እሁድ መኪናው መስኮት ላይ የጠየቀችው ስለ ሽማግሎቹ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ነጭ ቀሚስ አልለበሰችም፤ ጂንስና የዝናብ ጃኬት ነው የለበሰችው። በአውቶቡስ ሶዶ ወረደች። መጋዘኖቹ መሀል የጭነት መኪናው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። እሴይ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለው የምሳ መኪና ምሳውን ገዝቶ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ወደ መጋዘኑ ሊመለስ ሲል አየችውና ሐዲዱን ተሻግራ ወደ እሱ ሄደች። ሲያያት ቆመ። ወዲያው ደወሉ ጮኸ፤ የሐዲዱ መንገድ መዝጊያ ወረደና የጭነት ባቡር መንገዱን ዘጋው። የሶዶ ባቡር ረጅም ነው፤ ማንም የትም መሄድ አይችልም።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ። ከስቷል።

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ያን ቀን ስለ ሽማግሎቹ ጠየቅሁህ፣ እውነቱን ነገርከኝ። ስለ አንተ ግን አልጠየቅሁህም።»

እሴይ ምሳውን የያዘበትን ካርቶን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የሚናገረው ከባቡሩ ጩኸት በላይ ስለሆነ ምሥጢር እንዲሆን የሚፈልገውን ሁሉ መጮህ ነበረበት።

«ልመጣ ነበር! በማግስቱ ልመጣ ነበር! ጋሽ አሰፋ ደውለው ‹ወንድ ከሆንክ ሄደህ ጠይቃት› ሲሉኝ እግሬ ታሰረ። ብመጣ በእሳቸው ግፊት የመጣሁ ይመስልሻል። ወይም አዝኜልሽ። አባትሽ ስለ እናትሽ ነግረውኛል፤ አውቃለሁ። ምን ብዬ ነው የምታምኚኝ?»

«አሁን ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

«አዝነህልኛል?»

«ለራሴ ነው ያዘንኩት! ክረምቱን በሙሉ አባትሽ ጋራዥ ድንጋይ ስሰብር የከረምኩት አንድ ቀን በበሩ ብትመጪ ብዬ ነው። ስለ ዓሣ ብቻ ይመስልሻል?»

ለዚያ ሁሉ ቅዳሜ ሁለቱም በየፊናቸው በር ሲያዩ ኖረዋል። ልታለቅስ ፈለገች፣ ልትቆጣውም ፈለገች። አንዱንም ሳታደርግ እስከዛሬ ማንም ያልጠየቀላትን፣ እሷም ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«ትወደኛለህ?»

እሴይ መለሰ። ሎኮሞቲቩ መለከቱን ነፋ፤ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየች። ባልደረቦቹ ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው ምሳቸውን ረስተው ያያሉ። የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ፣ መዝጊያው ተነሣ፣ ከኋላ የቆሙት መኪኖች ክላክስ ማሰማት ጀመሩ። እሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«መጀመሪያ ለአባትሽ መንገር አለብኝ» አለ ደንግጦ።

«አባዬን ተወው። ለእኔ ንገረኝ። አልሰማሁህም።»

«እወድሻለሁ።»

ሰምታዋለች። ባልደረቦቹም ሰምተዋል፤ አንዱ አጨበጨበ።

«እንደገና» አለችው ሶልያና።